አንድ ኩርባ፣ ሦስት መኪና

ቤቴ ውስጥ አንድ አሮጌ ደብተር አለ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ውስጡ ቁጥር ብቻ ነው፦ የመኪና ስም፣ የፈረስ ጉልበት፣ ቶርክ (ሞተሩ የሚያዞርበት ኃይል፣ በኒውተን ሜትር የሚለካው)፣ ክብደት፣ ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅባት ሰከንድ። ከልጅነቴ ጀምሮ አራት በር ኖሯቸው እንደ ውድድር መኪና የሚሮጡትን እወዳለሁ። ሁለት በር ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና ብትፈጥን አይገርመኝም፤ ለዚያ ነው የተሠራችው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭና ያቺን ሁለት በር ጥላት የምትሄደዋ ግን እስከ ዛሬ ልቤን ታሞቀዋለች።

ባለፈው ወር ደብተሩ ላይ ጎን ለጎን የጻፍኳቸውን ሦስት መኪኖች በአንድ ቀን ነዳኋቸው። ቢኤምደብሊው ኤም 5 ኮምፒቲሽን፣ መርሴዲስ ኤኤምጂ ኢ 63 ኤስ እና ካዲላክ ሲቲ 5-ቪ ብላክዊንግ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አዲሶቹ አይደሉም፤ ከእነሱ በፊት የነበረው ትውልድ ናቸው። ቦታው የተዘጋ የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ነው። አጠገቤ የሚቀመጡ አሰልጣኝ ነበሩ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልጮኹብኝም። ብዙ ጊዜ ግን ሊጮኹብኝ ይገባ ነበር።

ደብተሬ ምን ይላል? ኤም 5፦ 4.4 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ)፣ 625 የፈረስ ጉልበት፣ 750 ኒውተን ሜትር፣ 3.3 ሰከንድ። ኢ 63 ኤስ፦ 4.0 ሊትር፣ እሷም ስምንት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ፣ 612 የፈረስ ጉልበት፣ 850 ኒውተን ሜትር፣ 3.4 ሰከንድ። ካዲላኳ፦ 6.2 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ሱፐርቻርጀር (እሱም አየር የሚገፋ፣ ግን ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው)፣ 668 የፈረስ ጉልበት፣ 893 ኒውተን ሜትር።

ለብዙ ዓመት ከጓደኞቼ ጋር በነዚህ ሰከንዶች ተከራክሬያለሁ። 3.3 ትበልጣለች፣ 3.4 ትበልጣለች እያልን ስንት ምሽት አመሸን። አሁን ግን እስቲ አስቡት። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድ መኪና በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ የምትሄደው 2.8 ሜትር ገደማ ነው። የአንዲት ሴዳን ርዝመት እንኳ አይሞላም። ያውም ሁለቱ መኪኖች በአንድ ዓይነት ጎማ፣ በአንድ አስፋልት፣ በአንድ የአየር ሙቀት ከተለኩ ነው። አለካኩ ራሱ አንድ አይደለም። አውሮፓውያን እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይለካሉ። አሜሪካውያን እስከ 60 ማይል ይለካሉ፤ 60 ማይል 96.6 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ መጽሔቶች ሰዓቱን የሚያስጀምሩት መኪናዋ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከተንከባለለች በኋላ ነው። ያቺ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻዋን ሁለትና ሦስት አስረኛ ሰከንድ ትቀንሳለች። እኛ የምንጣላው በአንድ አስረኛ ነበር!

እና እዚያ ትራክ ላይ አንድ ኩርባ አለ። ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ቁልቁል ይወርድና ወደ ግራ ይታጠፋል። አሰልጣኙ “ሦስተኛው” ይሉታል። ስትደርሱበት ፍጥነታችሁ ከ200 በላይ ነው። መንገዱ ሲወርድ የኋላው ጎማ ይቀልላል፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ እናንተ ደግሞ በአንድ ጊዜ ፍሬን መያዝ፣ ማርሽ መቀነስና መሪ ማዞር አለባችሁ። ሦስቱን መኪኖች ያወቅኋቸው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ኢ 63ን ያዝኩ። ወደ ትራኩ ስሄድ ልቤ እሷ ጋ ነበር። ኮፈኗን ከፍተን ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን አየኋት፤ ሞተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የገጠመው ሰው ፊርማ አለባት። የመርሴዲስ የፈጣን መኪና ክፍል የሆነው ኤኤምጂ ይህን ልማድ እስካሁን ጠብቆታል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር። ፊርማዋን በጣቴ ነካሁ። አንድ ሰው በእጁ የሠራውን ነገር ይዤ ልነዳ ነው የሚል ስሜት አለው፤ ደስ ይላል።

ስትነሳ ደረታችሁ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል። 850 ኒውተን ሜትሩ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሽከረከር ሙሉ ለሙሉ ይመጣል፤ ትንሽ ስትረግጡት ዝም ይላል፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይደርሳል። የማርሚታዋ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከሆድ የሚወጣ። ካምቢዮዋ ዘጠኝ ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ሆኖ ከተለመደው ቶርክ ኮንቨርተር (ጉልበትን በፈሳሽ የሚያስተላልፍ ክፍል) ይልቅ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ነው የተገጠመለት። በፍጥነት ስትነዱ ማርሹ ቀጭ ቀጭ እያለ ይገባል። በእግር ጉዞ ፍጥነት ስትንፏቀቅ ግን ጥቂት ትነቀንቃለች። ሾኮቹ የአየር ናቸው፤ በስፖርት ምርጫ ላይ ሲሆኑ ጠጣር ይሆናሉ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን አፍንጫዋ ወደ ውጭ ገፋብኝ። መሪውን ጨመርኩበት። ባሰ።

“እጅሽን አላዪ” አሉኝ አሰልጣኙ። “የፊት ጎማው ያለውን ሁሉ ሰጥቶሻል። ብትጨምሪበት ከየት ያመጣል?”

መሪውን ትንሽ መለስ አደረግኩት። እውነትም አፍንጫዋ ተመለሰች። በሚቀጥለው ዙር ቀደም ብዬ ፍሬን ያዝኩ፣ ፍጥነቴን ጨረስኩና ከዚያ አዞርኩ። ይሄኔ ጥሩ ወጣች፤ ከኩርባው መውጫ ላይ ነዳጅ ስትሰጧት አራቱም ጎማ አስፋልቱን ቧጥጦ ይወረውራችኋል። ይህቺ መኪና የምትወደው መውጫውን ነው። መግቢያው ላይ ታገሡኝ ትላለች።

ቀጥሎ ኤም 5። በወረቀት ላይ ቶርኳ ከሦስቱ ትንሹ ነው፤ እኔም ለዚህ ነበር ዝቅ አድርጌ የማያት። ተሳስቼ ነበር። የ750ው ኒውተን ሜትር ምስጢር ስፋቱ ነው። በደቂቃ ከ1,800 የሞተር ዙር ይጀምርና እስከ 5,860 ድረስ አይወርድም። መርሴዲሷ ከፍተኛውን ቶርኳን የምትይዘው እስከ 4,500 ነው። ይህ ማለት የትኛውም ማርሽ ላይ ብትሆኑ፣ የትኛውም ዙር ላይ ብትሆኑ ጉልበቱ እዚያው እየጠበቃችሁ ነው። ማርሽ ተሳስቼ አንድ ከፍ ባለ ማርሽ ከኩርባ ወጥቼ ነበር፤ ከቁም ነገር ሳትቆጥረው ሄደች። ደብተሬ ላይ ትልቁን ቁጥር ብቻ ስጽፍ ስፋቱን የሚያሳይ መስመር አልነበረኝም።

ኤም 5 በዚህ ትውልድ ነው በአራት ጎማ መንዳት የጀመረችው። ከሷ በፊት የነበሩት በሙሉ ሲሸጡ የኋላ ጎማ ነጂ ነበሩ፤ ብዙ የኤም ወዳጅ ዜናውን ሲሰማ አዝኖ ነበር፤ እኔም አንዷ ነኝ። ነገር ግን አሠራሩ የሚያምር ነው። ጉልበቱ በመሠረቱ የኋላው ነው። የፊቱ የሚጠራው የኋላው ሲያቅተው ነው። ሦስት ምርጫ አለ፦ ተራው፣ የስፖርቱ፣ ደግሞም ፊቱን ጭራሽ የሚያጠፋው። በስፖርቱ ምርጫ ሦስተኛው ላይ ስገባ አፍንጫዋ ልክ ወዳየሁበት ዞረ። ጭራዋ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ እንደ መርዳት አለች። ነዳጅ ሰጠሁ። ቀጥ ብላ ወጣች። ዞሬ አሰልጣኙን አየኋቸው፤ ምንም አላሉም። ካምቢዮዋ ደግሞ ስምንት ማርሽ ያለው መደበኛ አውቶማቲክ ነው። ከሷ በፊት የነበረችው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነበራት፤ ተዉት። እኔ ግን ልዩነቱን ትራክ ላይ አላገኘሁትም፤ በዝግታ ስትነዱ ደግሞ ይህኛው እንደ ቅቤ ነው።

የማይጣፍጠኝ ነገር መሪዋ ነው። ልክ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግን ጎማው ሥር ምን እየሆነ እንዳለ እጄ ላይ አይነግረኝም። ስትዞር ታዞራላችሁ፣ አለቀ።

ስለ ፍሬን ልናገር፤ ምክንያቱም ስለነዚህ መኪኖች ሲወራ ፍሬን ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ሦስቱም 1.9 ቶን አካባቢ የሚመዝኑ ናቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከ200 ማቆም ከ100 ከማቆም አራት እጥፍ ይከብዳል። ያ ኃይል የትም አይጠፋም፤ ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ችግር የለውም። አምስተኛው ዙር ላይ ነው ነገሩ።

ከሦስቱ አንዷ ላይ ከሰዓት በኋላ ደረሰብኝ። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፤ ከእኔ በፊት ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሲነዳት ስለዋለች በሷ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም። ወደ ሦስተኛው ስወርድ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ወትሮ የሚይዝበት ቦታ ላይ አልያዘም። ዝቅ አለ። እንደገና ረገጥኩ፤ ያዘ፣ ግን እንደ ልቡ አልነበረም። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። አሰልጣኙ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ እንኳ አላነሱም። “በቃ፣ አሁን አንድ ዙር በቀስታ እንንዳት። ትተንፍስ” አሉ። ያን ዙር በ60 እየነዳን ሁለታችንም ዝም አልን። ነፋሱ ዲስኮቹን ሲያቀዘቅዝ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ሲመለስ በእግሬ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፈጣን ሴዳን የሚጽፍ ሰው አምስተኛው ዙር ላይ ፍሬኗ ምን እንደሆነ ካልነገረኝ ንባቤን አቆማለሁ።

ክብደት ነው የዚህ ሁሉ ሥር። የመጀመሪያዋ ኤም 5፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣችው፣ ስድስት ሲሊንደርና 286 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ክብደቷ 1,430 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ መርሴዲስ በ500 ኢ መለሰ፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 326 የፈረስ ጉልበት። ያቺን መኪና ፖርሽ እየገጠመ ነበር የሚሠራት፤ ጎኗ ሰፍቶ በመርሴዲስ የራሱ የመገጣጠሚያ መስመር አላልፍ ስላለ። ተፎካካሪነቱ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በመሃል በ1998 የወጣችው ኤም 5 አለች፤ 400 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ ለስምንቱም ሲሊንደር ለየብቻው ስሮትል፣ ማለትም ነዳጅ ስትረግጡ ለአየር የሚከፈት ክዳን። የሷ ተተኪ ደግሞ አሥር ሲሊንደር ይዛ መጣች፤ 507 የፈረስ ጉልበት፣ እስከ 8,250 ዙር የምትጮህ። የቢየላ ብሮንዚኗን (ሞተሩ ውስጥ ዘንጉ የሚዞርበትን፣ የሚያልቅ ብረት) በጊዜ የማይቀይር ባለቤት ሞተሯን ሊያጣ ይችላል፤ ድምፅዋን የሰማ ሰው ግን ለምን እንደሚገዛት ይገባዋል።

አሁንስ? በ2024 የወጣችው አዲሷ ኤም 5 ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮላት 727 የፈረስ ጉልበትና 1,000 ኒውተን ሜትር አላት። ክብደቷ ከ2,400 ኪሎ በላይ ነው። ፋብሪካው ራሱ የሚሰጣት 3.5 ሰከንድ ነው። አያችሁ? መቶ የፈረስ ጉልበት ተጨምሮላት እኔ ከነዳኋት ኮምፒቲሽን በወረቀት ዘገየች። የመርሴዲስ ኤኤምጂዋ ሲ 63 ከሷም ቀድማ በዚሁ መንገድ ሄዳለች፦ ስምንቱ ሲሊንደር ቀርቶ 2.0 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደርና የኋላ ኤሌክትሪክ ሞተር፤ 680 የፈረስ ጉልበት፣ ከ2,100 ኪሎ በላይ። ኤሌክትሪኩን አልጠላም። ጉልበቱ ወዲያው ነው የሚመጣው፣ ቱርቦ እስኪነቃ አትጠብቁም። የምጠላው ክብደቱን ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ግማሽ ቶን ተጨማሪ ይዞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አሁን በእግሬ አውቀዋለሁ።

በተቃራኒው አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮን አስቡ። መጠኗ አንድ ደረጃ ያንሳል። ሞተሯ 2.9 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው፣ 510 የፈረስ ጉልበት። ኮፈኗ፣ ጣሪያዋ፣ ወደ ኋላ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘንግ ሳይቀር ካርቦን ፋይበር ነው። ፋብሪካው ያለ ነዳጅና ዘይት 1,524 ኪሎ ይላታል። በ2016 ጀርመን ባለው ረጅሙ የኑርበርግሪንግ ትራክ ላይ 7 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ገባች። በ2008 ካዲላክ ሲቲኤስ-ቪ እዚያው ላይ 7 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ስትገባ ከስምንት ደቂቃ በታች መውረዷ ትልቅ ወሬ ነበር። አልፋዋ ያኔ ከነበረችው ካዲላክ በጉልበት አነስተኛ ሆና 27 ሰከንድ ቀደመቻት። ክብደት ያልኩት ለዚህ ነው። አልፋን ነድቻት አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬባታለሁ፤ ከመኪናዋ ስወርድ እየሳቅኩ ነበር።

አውዲ አርኤስ 7ን ለምን ተውሽ የሚለኝ ይኖራል። ፈጣን ናት፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ከማንም በላይ የምተማመንባት እሷ ናት። ግን ያን ቀን አልነበረችም፤ ያልነዳሁትን በነዳሁት ሚዛን አልመዝንም።

ካዲላኳን መጨረሻ ያዝኩ። ማንዋል ናት። ስድስት ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ። 668 የፈረስ ጉልበት በሁለት ጎማ ብቻ! ሱፐርቻርጀሩ በቀበቶ ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ ቱርቦ የሚባለውን መጠበቅ አያውቅም፤ እግራችሁ በነካው ልክ ይመልሳል፤ ወዲያው። ሾኮቿ ውስጥ ያለው ዘይት የብረት ብናኝ አለው። ኤሌክትሪክ ሲላክበት በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ይጠጥራል፣ ሲነሳበት ይላላል። በወሬ ሳነበው የማስታወቂያ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጠርዝ ላይ ያለችውን ከፍታ ጎማዬ ሲወጣባት ሰውነቷ ሳይናወጥ ጎማው ብቻ እሺ ብሎ ተመለሰ። ከሦስቱ በመንገድ አያያዝዋ ያስደነቀችኝ እሷ ናት፤ ከመርሴዲሷ የአየር ሾክ ትመቻለች፣ ከኤም 5 በላይ ታወራኛለች።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ግን ሦስተኛው ቀጣኝ። በኤም 5 ልማድ ነዳጅ ቀድሜ ሰጠሁ። የሚጎትት የፊት ጎማ የለም፤ ጭራዋ ወጣ። ሆዴ ባዶ ሆነ። መሪውን ወደ ሄደችበት መለስኩ፣ እግሬን አነሳሁ፤ ተንገጫግጫ ተመለሰች።

“አየሽ” አሉ አሰልጣኙ፣ “ይህቺ ይቅር አትልም። ግን አትዋሽሽም።”

በሰዓት ብንሄድ ኤም 5 አንደኛ ናት። ከእኔ ዓይነት ሰው እጅ ውስጥ ምርጡን ዙር ያወጣችው እሷ ናት፤ ደግማ ደጋግማ። አንድ መኪና ብቻ ይዘሽ በዝናብም በጸሐይም፣ ከሥራ ወደ ቤትም ከቤት ወደ ትራክም ሂጂ ብባል፣ ያለ ጥርጥር እሷን እወስዳለሁ። ኢ 63 ከሷ በጥቂት ታንሳለች፤ የሞተሯ ድምፅ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ቀኑ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱ ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። አንዱን አንሺ ተባልኩ። የካዲላኳን አነሳሁ።

አምስት ዙር ነዳሁ። አራቱ ላይ ሦስተኛውን ወይ ዘገየሁበት ወይ ፈጠንኩበት። አምስተኛው ላይ ቀደም ብዬ ፍሬን ያዝኩ፣ ከአራት ወደ ሦስት አወረድኩ፣ ሞተሩ ራሱ ዙሩን አስተካክሎ ማርሹ ያለ ንቅናቄ ገባ። ፍሬኑን በቀስታ እየለቀቅኩ አዞርኩ። ጠበቅኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። መውጫው ሲታየኝ እግሬን ቀስ አድርጌ አወረድኩ፤ የኋላው ጎማ ጥቂት ሲጎነብስ በወንበሩ በኩል ወገቤ ላይ ተሰማኝ፣ ያዘ፣ ቀጥ ብላ ወጣች። አሰልጣኙ የመስኮቱን መስታወት ዝቅ አደረጉና የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ ወደ መግቢያው ተመለስን።